ጥያቄና መልስ፦ ሲጎላ የሚሸሽ መስመር፣ በግዕዝ ብራናና በዐረብኛ ኪታብ ስካን

ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ሆነው ብራናም ኪታብም በስካን ለሚያነቡ የተከፈተ የጥያቄ ሰዓት። ርእሱ፦ ከግራም ከቀኝም የሚጀምር ጽሑፍ ዙም ሲደረግ ወዴት ይሄዳል?

መላሽ፦ አንድ ማሳሰቢያ። የፋይሉን ዓይነትና የምትከፍቱበትን ፕሮግራም ሳትጽፉ አትጠይቁ። ፒዲኤፍ፣ ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል)ና በብሮውዘር የሚታይ ምስል ሲጎሉ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ፔዳ፦ ጋሼ፣ ዙም ሳደርግ ጽሑፉ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የቱ ጽሑፍ? በምን ፕሮግራም? ማሳሰቢያውን አንብብ።

ኪታብ አንባቢ፦ ሰላም ጋሼ። የዐረብኛ ኪታብ ስካን ነው፣ ብሮውዘር ውስጥ ባለ ማንበቢያ። ከገጹ ስፋት ልክ ወደ እጥፍ ሳጎላው ሁልጊዜ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ይጥለኛል።

መላሽ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። መስኮትህ 800 ፒክስል ነው እንበል፤ በስፋት ልክ የገባው ገጽም 800። እጥፍ ሲሆን 1600 ይሆናል፤ የሚታይህ ግማሹ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የግራውን ጠርዝ ይዞ ካጎላ ስክሮሉ፣ ማለት ገጹ ከግራ ጠርዙ የተንሸራተተበት ርቀት፣ 0 ላይ ይቀራል። ለግዕዝና ለአማርኛ መልካም፣ መስመሩ እዚያ ይጀምራል፤ ላንተ ግን ጅራቱ ነው። መካከሉን ከያዘ 400 ላይ ይቆምና ሁለቱንም አንባቢ ያስቸግራል። አንተ የምትፈልገው የቀኙን ጠርዝ፣ ማለት 800ን ነው።

ከሁሉም የሚሻለው የማውሱ ቀስት ያረፈበትን ነጥብ መያዝ ነው። ቀስቱ ከመስኮቱ ግራ ጠርዝ ያለውን ርቀት በቀድሞው ስክሮል ላይ ትደምራለህ፣ በሚጎላበት እጥፍ ታባዛለህ፣ ያንኑ ርቀት ትቀንሳለህ። ቀስቱ 700 ላይ ካለ፦ 0 ሲደመር 700፣ ሲባዛ በ2፣ ሲቀነስ 700፤ ስክሮሉ 700 ይሆናል። ቃሉ ከቀስቱ ሥር ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቀስቱን የመስመሩ መነሻ ላይ አሳርፈህ ኮንትሮል እንደያዝክ የማውሱን ጎማ አዙር። ኮንትሮልና የመደመር ምልክት ስትጫን አብዛኛው ፕሮግራም ቀስቱ የት እንዳለ አያይም።

ፖሊ፦ የማንበቢያውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ገጹን ከቀኝ ወደ ግራ ሳደርገው ይህ ስሌት ይበላሻል።

መላሽ፦ ይበላሻል። አቅጣጫው ከቀኝ ሲሆን ብሮውዘሩ ስክሮሉን የሚይዝበት፣ ስክሮል ሌፍት የሚባለው ቁጥር በቀኝ ጠርዝ 0 ነው፤ ወደ ግራ ሲሄዱ ኔጌቲቭ ይሆናል። ክሮም ይህን የተቀበለው በ2020፣ ከ85ኛው እትም ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ከግራ ይቆጥር ነበር። አሮጌ ስልክ ላይ ሞክረው። ከግራ ያለውን ርቀት ለማግኘት የይዘቱን ስፋት ያዝ፣ የመስኮቱን ስፋት ቀንስ፣ ስክሮል ሌፍትን ደምር። 1600 ሲቀነስ 800፣ ሲደመር 0፤ 800 መጣልህ። ወይም የሚንሸራተተውን ሣጥን ከግራ ወደ ቀኝ ተውና አቅጣጫውን ውስጡ ላለው ጽሑፍ ብቻ ስጥ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ዓባይ ማዶ፦ ዐረብኛና አማርኛ ፊት ለፊት የታተመ መጽሐፍ በየት በኩል ይጠረዝ?

ኪታብ አንባቢ፦ በቀኝ ነዋ! መሠረቱ ዐረብኛው ነው።

ዓባይ ማዶ፦ አንባቢው አማርኛውን ነው የሚከተለው። በቀኝ ከተጠረዘ መቅድሙ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ዘጌ፦ ለሁለት ፋይል ክፈሉትና ተገላገሉ።

ኪታብ አንባቢ፦ ፊት ለፊት ማስተያየቱ ሊቀር ነዋ?

መላሽ፦ ይህን ውጭ ጨርሱት። አክሮባት ፕሮ ላይ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ባይንዲንግ (ጥራዝ) ብላችሁ ራይት ኤጅ (የቀኝ ጠርዝ) ትመርጣላችሁ። ሱማትራ የሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ ከቀኝ ለሚነበብ መጽሐፍ የሚሆን ማንጋ ሞድ አለ። ሁለቱም የሚወስኑት ጎን ለጎን ከሚታዩት ገጾች የትኛው በቀኝ እንደሚሆን ብቻ ነው። የገጽ አቅጣጫና ዙም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ፒዲኤፍ በአክሮባት ነው የምከፍተው። ቡክማርክ (ወደ ገጽ የሚወስድ ምልክት) በነካሁ ቁጥር ዙሙ ራሱን ይቀይራል፤ ዐረብኛው ላይ ደግሞ ወደ ግራ ጥግ ይወስደኛል።

መላሽ፦ ቡክማርኩ ከገጹ ጋር ሦስት ነገር ይዞ ተቀምጦ ነው፦ የግራ ርቀት፣ ከፍታና የዙም መጠን። የግራው 0 ከሆነና አንቺ አጉልተሽ ከነበረ የመስመሩ ጅራት ላይ ያወርድሻል። በአክሮባት ፕሮ የቡክማርኩን ፕሮፐርቲስ ክፈቺ፣ አክሽንስ ውስጥ ኤዲት በዪና ለዐረብኛው ፊት ዊድዝ (በገጹ ስፋት ልክ) የሚለውን ምረጪ፤ መስመሩ ሙሉ ስለሚገባ ግራና ቀኝ አያጣላም። ለግዕዙ ኢንሄሪት ዙም ይበቃል፤ ያጎላሽውን መጠን አይነካም።

ፔዳ፦ እኔም ባይንዲንጉን ራይት ኤጅ አደረግሁት፣ ዙሙ ግን አልተስተካከለም።

መላሽ፦ አቅጣጫና ዙም የተለያዩ ናቸው አልኩ! ፕሮግራሙንም ገና አልጻፍክም።

ዘጌ፦ ባለሁለት ዓምድ ብራና፣ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ፒዲኤፍ፣ ሱማትራ። ስንት በመቶ ላይ ይነበብ?

መላሽ፦ የብራና ሰው መጣ! ማንበቢያው 100 በመቶን በ96 ዲፒአይ ከቆጠረው የ300ው ስካን ፒክስል በፒክስል የሚታየው 312 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ማለፍ ፊደሉን ያሰፋዋል እንጂ አያጠራውም። ገጹ የኤ4 ስፋት ካለው 2480 ፒክስል ነው፤ 1366 በሆነ ስክሪን ሙሉው አይገባም። አንዱ ዓምድ ግን ከ1240 አያልፍም፣ ይገባል። ስለዚህ በገጹ ስፋት ሳይሆን በዓምዱ ስፋት አጉላ። የግራውን ዓምድ እስከ ታች አንብብ፣ ዙሙን ሳትነካ ወደ ላይ ተመለስ፣ ወደ ቀኝ ጎትት። ባለሁለት ዓምድ የዐረብኛ ገጽ ከሆነ ከቀኙ ትጀምራለህ።

ሱማትራ ላይ ኮንትሮልና 3 ህዳጉን ትቶ ይዘቱን ብቻ ያሰፋል፤ ስካን ላይ ግን ምስሉ ገጹን ሙሉ ስለሚሸፍን እምብዛም አይጠቅምም። አስቀድመህ ህዳጉን ቁረጥ። ስትቆርጥ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ገጾችን ለየብቻ ቁረጥ፤ የጥራዙ ወገን በየገጹ ስለሚቀያየር በአንድ ልክ ከቆረጥካቸው ገጽ በገለጥክ ቁጥር ዓምዱ ይዘልብሃል።

ዓባይ ማዶ፦ ለማንበብ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መላሽ፦ ስልክ ሻጭ ጠይቅ።

ሽምብጥ፦ ኢፐብስ?

መላሽ፦ አብዛኛው በስፋቱ የሚታጠፍ ጽሑፍ ነው። ስታጎዪው ፊደሉ ያድጋል፣ መስመሩ እንደገና ይታጠፋል፤ ወደ ጎን የሚሸሽ የለም። አቅጣጫው የሚነካው ገጽ የሚገለጥበትን ወገን ነው።

ዘጌ፦ በኦፐንሲድራገን፣ በብሮውዘር ውስጥ ባለው የምስል ማጉያ፣ የሚታይ የብራና ምስልስ?

መላሽ፦ አንድ ጠቅታ 2 እጥፍ፣ የጎማው አንድ እርምጃ 1.2 እጥፍ ያጎላል፤ ካልተቀየረ በቀር። የሚይዘውም ቀስቱ ያለበትን ነጥብ ነው፤ ግዕዙም ዐረብኛውም በአንድ ልክ ይሄዳል። ትንንሽ ፊደል ላይ ጠቅታውን ተውና በጎማው ሥራ።