ለእናትሽ የቪአር መነጽር ይላክ ወይስ አይላክ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። ግራ እጃቸው ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «የቪአር መነጽር ልላክላት» ብሏል (ዓይን ላይ ሲጠለቅ ክፍሉን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳየው መሣሪያ ነው)፤ አንቺ ደግሞ ብሩ በከንቱ እንዳይባክን ፈርተሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የማገገሚያ ማዕከል ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ነኝ። መነጽሩን ከብዙ የስትሮክ ታካሚዎች ጋር እጠቀምበታለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ይጠቅማል። ግን የሚጠቅመው ፊዚዮቴራፒው ላይ ሲጨመር ነው። «መነጽሩ ስላለ ባለሙያው ይቅር» ከተባለ እናትሽ ይጎዳሉ።

ከስትሮክ በኋላ አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። ብዙ፣ በጣም ብዙ ድግግሞሽ። ሰው ደግሞ ይሰለቻል። «እጅዎን ያንሱ፣ ያውርዱ» ሲባሉ ቶሎ የሚደክማቸው አባት፣ መነጽሩን አጥልቀው ፊታቸው ላይ የሚንሳፈፍ ፊኛ ሲያዩ ሳይታወቃቸው እጃቸውን ደጋግመው ይዘረጋሉ። የመነጽሩ ጥቅም በአብዛኛው ይኸው ነው። የሞተውን የአንጎል ክፍል አያድንም፤ ሰውየው ልምምዱን እንዲገፋበት ያደርጋል እንጂ።

ጥናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2017 (በፈረንጆቹ) 72 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ ነበር፤ በድምሩ 2,470 ታካሚዎች። ለእጅ እንቅስቃሴ ቪአር ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። በመደበኛው ሕክምና ላይ ተጨምሮ የልምምድ ሰዓቱን ሲያረዝም ግን የተሻለ ውጤት ታይቷል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው አንቺን በቀጥታ የሚመለከት ይመስለኛል። በ2016 ውጤቱ የወጣ በካናዳ፣ በአርጀንቲና፣ በፔሩና በታይላንድ የተሠራ ጥናት ነው። 141 ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የኒንቴንዶ ዊ ጌም ተጫወተ፤ ያለ መነጽር፣ ቴሌቪዥን እያዩ እጅን በማንቀሳቀስ የሚጫወቱት የቪአር ዓይነት ነው። ሌላው ካርታ፣ ቢንጎ፣ ጄንጋ (የተደረደሩ እንጨቶችን አንድ በአንድ የማውጣት ጨዋታ)፣ የኳስ ጨዋታ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ መነጽሩ እስኪደርስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ባዶ ሲኒዎችን በግራ እጃቸው ከረከቦቱ ላይ ያንሱ፣ መልሰው ይደርድሩ። ነጠላ ያጣጥፉ። ጣታቸው ከፈቀደ ምስር ይልቀሙ። የለመዱት ሥራ ስለሆነ ትርጉም አለው፤ ወጪ ደግሞ የለውም።

አሁን ወደ መነጽሩ ልመለስ። ክሊኒክ ውስጥ በጣም የማየው ችግር እጅ ሳይዘረጋ ወገብ ሲዘረጋ ነው። ፊኛው ራቅ ሲል ታካሚው ክርኑን እንደታጠፈ ይተወውና ደረቱን ወደፊት ይገፋል፤ ትከሻውንም ወደ ጆሮው ይሰቅላል። ጌሙ ይህን አያውቅም። ፊኛው ፈነዳ፣ ነጥብ ተቆጠረ፣ ታካሚው ደስ አለው። ሰውነቱ ግን የተማረው ማጭበርበሩን ነው። ለዚህ ነው አጠገባቸው ሰው መኖር ያለበት። ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፣ አንቺ መዳፍሽን ደረታቸው ላይ ቀለል አድርገሽ አሳርፊ። ወደ መዳፍሽ ከመጡ ጀርባቸው ወንበሩን ለቋል ማለት ነው። ያኔ ፊኛውን ወደ እሳቸው አቅርቢው፣ ወይ ቀለል ያለ ጌም ምረጪ። ክንዳቸው ከከበዳቸው ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርገሽ አሳርፊላቸው። የደከመውን እጅ ግን በፍጹም እንዳትጎትቺ፤ ከስትሮክ በኋላ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል።

ግራ እጅ ስለሆነ አንድ ነገር አጣሪልኝ። ከሰሃኑ የቀኙን በልተው የግራውን ይተዋሉ? ከግራ በኩል ስትጠሪያቸው ፊታቸውን አያዞሩም? ግራ እጅን የሚያዘው የቀኝ አንጎል ሲጎዳ የግራውን ዓለም ልብ አለማለት ያጋጥማል። ይህ ካለ መነጽሩን ያለ ባለሙያ አትጀምሩ። ከስትሮኩ በኋላ የሚጥል በሽታ ታይቶባቸው ከሆነም መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ደም ግፊታቸው ባልተረጋጋ ቀን ደግሞ ይቅር።

ቆመው እንዲጫወቱ ማንም አያግባባሽ። መነጽሩ ክፍሉን ይሸፍንባቸዋል፣ ባላንሳቸውም ገና ነው። በተቀመጡበት ምስሉ የሚሮጥ ወይም የሚበር ጌም ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ባሉበት ሆነው እጃቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱበትን ምረጪ። በአምስት ደቂቃ ጀምሪ፤ ካላዞራቸው ቀስ እያልሽ ጨምሪ። መነጽሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አንገትም ይደክማል።

ወንድምሽ ከመላኩ በፊት እዚያው ሁሉንም ነገር ይጫንበት። እናትሽ የሚያዩትን በስልክሽ እንድታዪ የሚያደርገውንም ያስተካክል፤ አለበለዚያ የት እንደተቸገሩ አታውቂም። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ አንቺ በአማርኛ እየነገርሻቸው ነው የሚጫወቱት። ያለ ኮንትሮለር (በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ) እጅን በካሜራ የሚከተለው መንገድ ለጤነኛ እጅ ጥሩ ነው፤ ጣት ተጨብጦ ሲቀር ግን መሣሪያው ይሳሳታል። ያኔ ኮንትሮለሩን በላስቲክ ፋሻ መዳፋቸው ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ቆዳቸውን እያየሽ ታዲያ።

ጌሙ እንዳለቀ ወዲያው እውነተኛ ነገር አስነሻቸው። ብርጭቆ፣ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ። መነጽሩ ውስጥ የተማሩት እጅ ወደ ቤት ሥራ የሚሸጋገረው በዚህ ነው።

የወንድምሽ አቅም ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡ ቤት ለሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ይሁን። ለሁለቱም ከበቃ መነጽሩም ይምጣ። ክርናቸውን ብቻቸውን መዘርጋት ይችሉ እንደሆነና ጣታቸው መከፈት ጀምሮ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ በየትኛው ዓይነት ጌም እንደምትጀምሩ እነግርሻለሁ።