የፈንክሽን ግራፍ ለውጥን ስናለማምድ ነጥቦችን መከተል

ተማሪዎችዎ «ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» የሚሉትን የግራፍ ማንቀሳቀሻ ሕጎች በቃላቸው ይዘው ሳለ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየርባቸው እንደሚደናገሩ ጽፈው፣ ምን ዓይነት መልመጃ ቢሰጧቸው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም አልጀብራ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ያንኑ የሕግ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለብጥ ነበር። ፈተና ላይ ግን ጎበዝ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ በፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ በኤክስ ቦታ «ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲያዩ ግራፉን ወደ ግራ ይወስዱት ነበር። ይህ የስንፍና ስህተት አይደለም፤ በቁጥር መስመር ላይ መቀነስ ወደ ግራ መሄድ መሆኑን ለዓመታት ተምረው ከመጡ በኋላ፣ እዚህ ሲደርሱ ተቃራኒውን ያለ ምክንያት እንዲቀበሉ ስለምንጠይቃቸው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ቅንፉ የቀድሞውን ቁጥር እንዲሰጠኝ ኤክስ ስንት መሆን አለበት?» ብለው መጠየቅን ያስለምዷቸው። ፈንክሽኑ ዜሮ ላይ ይሰጥ የነበረውን ዋጋ አሁን ለማግኘት ኤክስ 3 መሆን አለበት፤ በዚህም ዜሮ ላይ የነበረው ነጥብ 3 ላይ ይገኛል። ተማሪው ይህን በሰንጠረዥ ራሱ ከሞላው በኋላ አቅጣጫውን ማስታወስ አያስፈልገውም።

አብዛኞቻችን መልመጃውን የምንጀምረው በኤክስ ካሬ ግራፍ፣ ማለትም በፓራቦላ ነው። ግራፉን ለማንቀሳቀስ ጥሩ ነው፤ ለመለጠጥና ለነጸብራቅ ግን ያሳስታል። «2 ኤክስ» በሙሉ ካሬ ሲደረግ 4 ኤክስ ካሬ ስለሚሆን፣ ወደ ጎን በግማሽ የጠበበው ፓራቦላ ወደ ላይ 4 እጥፍ ከተለጠጠው ጋር አንድ ነው፤ በዋይ ዘንግ ግራና ቀኝም እኩል በመሆኑ ኤክስን በኔጋቲቭ ኤክስ መተካት ምንም ለውጥ አያሳይም። እኔ የምመርጠው ቀመር ያልተሰጠውን፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ግራፍ ነው፤ ለምሳሌ (−2፣ 1)፣ (0፣ 4) እና (6፣ 2) የተባሉትን ነጥቦች በቅደም ተከተል በቀጥታ መስመር አገናኛለሁ።

በዚህ ግራፍ ላይ ቅንፉ ውስጥ «2 ኤክስ ሲቀነስ 6» ሲገባ ምን እንደሚሆን አንዲት ተማሪዬን ጠየቅኋት። በግማሽ አጥብባ 6 ወደ ቀኝ ወሰደችውና ከፍተኛውን ነጥብ (6፣ 4) ላይ አስቀመጠችው። ስህተት መሆኑን ሳልነግራት 6ን በኤክስ ቦታ እንድትተካ ብቻ ጠየቅኋት፤ 12 ሲቀነስ 6፣ 6 ሆነ፤ የመጀመሪያው ግራፍ ደግሞ 6 ላይ የሚሰጠው 2 እንጂ 4 አይደለም። ከዚያ ሦስቱንም ነጥቦች ራሷ ፈልጋ (2፣ 1)፣ (3፣ 4) እና (6፣ 2) ላይ አገኘቻቸው። መጀመሪያ 6 ወደ ቀኝ ወስዶ ቀጥሎ ማጥበብ፣ ወይም 2ን የጋራ አውጥቶ መጀመሪያ ማጥበብና ቀጥሎ 3 መውሰድ አንድ ውጤት እንደሚሰጥ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በሕግነት ከመንገር ይልቅ እንዲህ ከነጥቦቹ እንዲያወጡት መተው እጅግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከፈንክሽኑ ውጭ ያለው ለውጥ የተለመደውን የስሌት ቅደም ተከተል ስለሚከተል ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ አባዝቶ 3 መደመርና 3 ደምሮ ማባዛት እንደሚለያዩ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ጂኦጀብራን ወይም ዴስሞስን የመሳሰሉ ግራፍ የሚስሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ተማሪው ቁጥሩን ከመቀየሩ በፊት ግራፉ የት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ እንዲስል ያድርጉ፤ ያለዚያ ዓይኑ ግራፉ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እጁ ግን ምንም አይማርም። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ጥያቄውን ይገልብጡት፤ የቀድሞውንና የተለወጠውን ግራፍ ሰጥተው ቀመሩን እንዲጽፉና ቢያንስ በሁለት ነጥቦች እንዲያረጋግጡ ይጠይቋቸው። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ በ5 ደቂቃ ማሠራት፣ በአንድ ቀን ሃያ ጥያቄ የቤት ሥራ ከመስጠት ይልቅ ለእኔ ተማሪዎች ጠቅሟል።