ቀስ የሚለው ድምፅ

ልጆች፣ በቀደም ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ብርሃን እያለ ቺፕ ውስጥ መረጃን በድምፅ ማስተላለፍ ምን ይሠራል?» ቺፕ ማለት ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ያለች፣ ብዙ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የተሠሩባት ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ ናት። ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም። እዚህ ልሞክር።

እኔ ባሕር ዳር ቴሌቪዥን ስጠግን ነው የኖርኩት። ጀማሪ ሳለሁ ሥዕሉ የተበላሸ አንድ ቴሌቪዥን ሦስት ቀን አንከራተተኝ። ትራንዚስተር ቀየርኩ፣ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! አምስት እግር ያላትን ትንሽ ዕቃ ግን አልነካኋትም። ሥራዋን አላውቀውማ! ጉዱ እሷ ጋ ነበር። ኤሌክትሪኩን ወደ ንዝረት ትለውጠዋለች፤ ንዝረቱ፣ ማለትም ድምፁ፣ ክሪስታል ላይ ይሄዳል፤ የማይፈለገው ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ተጣርቶ ይቀርና ሌላው ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ስልካችሁ ውስጥም ዘመዶቿ አሉ። ስለዚህ የማታውቁትን ዕቃ አትዝለሉት።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ድምፅ የተፈለገው ስለሚዘገይ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ድምፅ በሲሊኮን ውስጥ 8 ኪሎሜትር ገደማ። በ5 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አምስት ቢሊዮን ጊዜ ሲርገበገብ፣ አንድ የሬዲዮ ሞገድ አየር ላይ 6 ሴንቲሜትር ይረዝማል። የድምፁ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) እንኳ አይሞላም። ሞገዱ ሲያጥር ዕቃውም ያንሳል፤ ቺፕ ላይ ደግሞ ቦታ ውድ ነው።

ታዲያ ሲሊኮኑን በናኖሜትር (የማይክሮሜትር ሺኛ) ልክ እንደ ወንፊት ይበሱታል። ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት ሲደረደሩ አንዳንድ ድግግሞሽ ማለፍ አይችልም። አንድ ረድፍ ሳይበሱ ከተዉ ድምፁ በዚያች መንገድ ብቻ ይጓዛል። ችግርም አለው፦ ሲሊኮን ብቻውን ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት አይለውጥም፤ እንደ አሉሚኒየም ናይትራይድ ያለ ነገር ይደረብበታል። ሙቀትም ራሱ ንዝረት ስለሆነ ይረብሻል።

ይህን ከቀመር በፊት በጆሮ መስማት ይቻላል። በጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል አለ። ድንጋዩ የሚጮኸው በገመድ ስለተንጠለጠለ ነው፤ መሬት ላይ ቢጋደም ንዝረቱን መሬቱ ይውጠዋል። ቺፑ ላይም ከሲሊኮኑ ሥር ያለውን ሽፋን በአሲድ አሟሙተው እንደ ድልድይ የሚያንጠለጥሉት ለዚሁ ነው። ዙሪያው አየር አልባ ከሆነማ ድምፁ በጎን ማምለጫ የለውም።

ያንን ልጅ ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ እንሻገር ብዬዋለሁ። ደወሉን ሳያስፈቅድ እንዳይመታም ነግሬዋለሁ፤ ለጸሎት ነው የተሰቀለው።