አሥራ ሦስት ማሊያ፦ ለጎንደር ወጣት ፖይንት ጋርዶች

ይድረስ በጎንደር ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱ ፖይንት ጋርዶች፣ ኳስ ይዛችሁ ቡድኑን ለምትመሩ አጫዋቾች፣

ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ስለተጫወተው ስለ ኢሽ ስሚዝ ሲያወራ «አሥራ ሦስት ክለብ የዞረ ተጫዋች እኮ ማንም ያልፈለገው ማለት ነው» አለና አስተያየቴን ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው። እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ቡድን ሲቀይር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አጥፍቶ ነው የለቀቁት?» ነው። ይህችን ጥያቄ ፈርተው ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመታት ያሳለፉ፣ በመጨረሻም ጫማቸውን ሰቅለው የቀሩ ጥሩ ጥሩ አጫዋቾች ጎንደር ውስጥ ሞልተዋል። ስለዚህ መልሱን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ኢሽ ስሚዝ ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በድራፍቱ፣ ማለትም ክለቦች ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመረጠው ክለብ አልነበረም። ሂውስተን ጀመረ፤ ከዚያ ሜምፊስ፣ ጎልደን ስቴት፣ ኦርላንዶ፣ ሚልዋኪ፣ ፊኒክስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ፊላዴልፊያ፣ ኒው ኦርሊየንስ፣ ዲትሮይት፣ ዋሽንግተን፣ ሻርሎት፣ ዴንቨር። ከእሱ በፊት የኤንቢኤ ክብረ ወሰን 12 ክለብ ነበር። በ2023 ዴንቨር ማያሚን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ እሱም የአሸናፊነት የጣት ቀለበቱን አገኘ። በፍጻሜው ብዙም አልተሰለፈም፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም።

እስቲ ከዚሁ ጋር ሌላ ሰው ላስታውሳችሁ። በየካቲት 2011 ሂውስተን ስሚዝን ከሼን ባቲየር ጋር ለሜምፊስ ሲሰጥ፣ በምትኩ ከተቀበላቸው አንዱ የዳሬሰላሙ ልጅ ሃሺም ታቢት ነበር። 2 ሜትር ከ21 የሚረዝም፣ በ2009 ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠ። ያን ቀን ከሁለቱ ማን ይቆያል ቢባል ስሚዝ የሚል የሚገኝ አይመስለኝም። ታቢት ከ2014 በኋላ ኤንቢኤ ላይ አልታየም፤ ስሚዝ ግን እስከ 2024 ተጫወተ። ቁመት ለአንድ ሰሞን ያስጠራል። አጫዋችን የሚያቆየው አዲስ ቤት ገብቶ ቶሎ መግባባቱ ነው።

ደግሞ እኮ መዞር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ለመማር ጎጃም የወረደ፣ ለድጓ ቤተልሔም የሄደ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ የተቀመጠ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ የመጣ ተማሪ፣ «መምህሮቹ አባረሩት» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስንት ጉባኤ ቤት እንደረገጠ ሲቆጠር ክብሩ ነው የሚጨምረው። ለኳስ ተጫዋች ሲሆን ምን ነካን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፊላዴልፊያ ልግባ። የ2015-16 ውድድር ዘመን ነው። ፊላዴልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ የመጀመሪያዎቹን 18 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ያለፈውን ዓመት መጨረሻ 10 ሽንፈት ስትደምሩበት 28 ይሆናል። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሌከርስን አንዴ አሸነፈና እንደገና 12 ጊዜ ተሸነፈ። 31 ጨዋታ፣ አንድ ድል። ቡድኑ ሰው አጥቶ አልነበረም፤ ኔርለንስ ኖኤልና ጃሊል ኦካፎር የሚባሉ ሁለት ወጣት ረጃጅም ልጆች ነበሩት፣ ሁለቱም በድራፍት ከፍ ብለው የተመረጡ። ያጣው ኳሷን በሰዓቷ የሚያደርስላቸውን ሰው ነው። ኖኤል ከስክሪን (ቆሞ በሰውነቱ የጓደኛውን ተከላካይ ከማገድ) ተነሥቶ ወደ ቀለበቱ ሲሮጥ ኳሷ ወይ ቀድማው ትሄዳለች፣ ወይ እሱ ቆሞ ከተከበበ በኋላ ትመጣለች። ኦካፎር ጀርባውን ሰጥቶ ቦታ ሲይዝ የሚያቀብለው ሦስት ሰከንድ ይዘገያል፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው ተከላካይ ደርሷል።

ስሚዝ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እዚያው ፊላዴልፊያ ተጫውቶ ነበር። ውሉ ሲያልቅ በነጻ ሄደ። በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ክለቡ ያንኑ ሰው ከኒው ኦርሊየንስ ለማስመለስ በድራፍት ሁለተኛ ዙር ተጫዋች የመምረጥ ሁለት መብት ከፈለ። በነጻ የለቀቁትን በዋጋ መለሱት ማለት ነው። እሱ በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 26፣ ፊኒክስ ሜዳ ላይ አሸነፉ። ከእሱ መምጣት በኋላ በቀሩት 51 ጨዋታዎች 9 ድል አገኙ። ዓመቱን በ10 ድልና በ72 ሽንፈት ጨረሱ፤ ያው መጥፎ ቡድን ነበሩ፣ ተአምር አልተፈጠረም። ነገር ግን በ31 ጨዋታ አንድ ድል የነበረው በ51 ዘጠኝ ሆነ፤ ያውም ከሩቅ መወርወር በማይሆንለት፣ ተከላካዮች ስክሪኑን በታች በኩል እያለፉ «ወርውር እስቲ» በሚሉት ሰው። እኔ ይህንን የውድድር ዘመን ከዋንጫው አስበልጬ የማነሣው ለዚህ ነው። ያን ልጅ «ያልተፈለገ» ሲል የሰማሁት ጊዜ ቶሎ የመጣብኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ በሁለት ቀን ውስጥ ምን ተደረገ? አዲስ ቡድን የገባ አጫዋች መጀመሪያ የሰዎቹን እጅ ያጠናል። ደብተር ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ጓደኛችሁ አንድ ገጽ። በየትኛው እጁ መቀበል ይመቸዋል? ደረቱ ላይ ነው ወይስ ከራሱ በላይ? እየሮጠ ነጥራ የመጣች ኳስ ይይዛል ወይስ ይጥላል? ሲናደድ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ፤ ዝም የሚለውን ከሁለት ጥቃት በላይ ኳስ ሳትሰጡት ከቀራችሁ መከላከሉንም ይተዋል።

ከዚያ ስልቱ። አብዛኛው ቡድን የሚጠቀምባቸው የማጥቃት ስልቶች አራት አምስት ቢሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ከቀለበቱ ሥር የሚጣል ኳስ፣ ከጎን መስመር የሚጣል ኳስ፣ ሙሉ ሜዳ ሲጫኑን የምንወጣበት አንድ መንገድ። የእናንተን እርምጃ ብቻ ከሸመደዳችሁ ምንም አልተማራችሁም። አምስቱም ሰው የት እንደሚቆም ሳታዩ ወረቀት ላይ መሳል አለባችሁ፣ ምክንያቱም በጨዋታው መሐል «እኔ የት ልሁን?» ብለው የሚጠይቁት አሰልጣኙን አይደለም፣ እናንተን ነው። የእጅ ምልክቱንም አጥኑ፤ ሕዝብ ሲጮኽ ድምፅ አይሰማም።

ሰዓቱን እንዲህ ከፋፍሉት። ደንቡ ግማሽ ሜዳ ለማለፍ 8 ሰከንድ፣ ለመወርወር 24 ሰከንድ ይሰጣል። በአራት በአምስት ሰከንድ ተሻገሩ። ሰሌዳው 18 ሲል ስልቱ ተጀምሮ መሆን አለበት። 12 ላይ የመጀመሪያው አማራጭ ካልሠራ ኳሷ ወደ ሌላው ጎን ትሂድ። 7 ሲቀር አንድ ስክሪን ጠርታችሁ ጨርሱት። እዚህ የማየው ግን ሌላ ነው፤ አጫዋቹ መሐል ላይ ቆሞ በእግሮቹ መካከል እያነጠረ 10 ሰከንድ ይበላል፣ ከዚያ 4 ሲቀር ለአንዱ ይወረውርለታል። ተቀባዩ በግድ ይወረውራል፣ ይስታል። መሳቱ በእሱ ስም ይመዘገባል፣ ጥፋቱ ግን የአጫዋቹ ነው።

ፒክ ኤንድ ሮል ላይ፣ ማለትም አንዱ ስክሪን አድርጎላችሁ ወደ ቀለበቱ በሚሮጥበት ጨዋታ ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፣ እንጀራችሁ እሱ ስለሆነ። ስክሪን የሚያደርገው ልጅ ሁለት እግሩን ተክሎ እስኪቆም ጠብቁ። ቀድማችሁ ከተነሣችሁ እሱ ሊደርስላችሁ ይንቀሳቀሳል፤ ዳኛው ፋውሉን የሚሰጠው በእሱ ላይ ነው፣ ከአምስት ፋውሉ አንዱን እናንተ አቃጠላችሁበት ማለት ነው። ስታልፉ ትከሻችሁ ዳሌውን ይንካ፤ በመካከላችሁ ክፍተት ከተዋችሁ የያዛችሁ ልጅ በዚያው ሾልኮ ይከተላችኋል። ካለፋችሁ በኋላ አንዴ ሁለቴ አንጥሩና የትልቁን ተከላካይ እግር እዩ። ወደ ኋላ ከሸሸ ቆማችሁ ከመካከለኛ ርቀት ወርውሩ። ወጥቶ ከተጫናችሁ ኳሷን ሳትይዙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ጎትቱትና ለሚሮጠው ጓደኛችሁ መሬት አንጥራችሁ አቀብሉ። ሁለቱም እናንተ ላይ ከመጡ ጥግ ላይ የቆመው ሰው ነጻ ነው። የሁሉም ስሕተት እናት ኳሷን ቶሎ በሁለት እጅ መያዝ ነው። አንዴ ከያዛችሁ የቀራችሁ ማቀበል ወይ መወርወር ብቻ ነው፣ ተከላካዩም ያውቃል።

የዘንድሮ ልጆች ይህንን ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው የኤንቢኤው ከርሪ ከ9 ሜትር ሲያስገባ ያሳዩኛል። እኛ የምንጫወትበት የሦስት ነጥብ መስመር 6 ሜትር ከ75 ላይ ነው፤ እሱንም ከአሥር አራት የሚያስገባ ጥቂት ነው። ስልኩን አልጠላም፤ እንዲያውም እዩበት። ብቻ ኳሷን ትታችሁ የአጫዋቹን እግርና ዓይን ተከተሉ፣ ድምፁን አጥፉት።

ስለ ዴንቨር ሳነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ለዚያች ከፍታ ስንት ይወራላታል፣ እንግዳው ቡድን ትንፋሽ ያጥረዋል ይባላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት! ሳንባውስ አለን፣ ያጣነው ሜዳ ነው። ከፍታው ግን ኳሷንም ይነካል፤ ቆላ ተነፍታ የመጣች ኳስ እዚህ ውጪው አየር ስለሚሳሳ ጠንክራ ትነጥራለች፣ ከዚህ ወደ መተማ የወረደችው ደግሞ ትለሰልሳለች። ስለዚህ የምትጫወቱበት ቦታ ላይ ለኩ። ከ1 ሜትር ከ80 ስትለቋት አናቷ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ድረስ ከተነሣች ደኅና ናት። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲኖር ከፍ ያለ ኳስ አትጣሉ።

ቁርጭምጭሚታችሁ ሲዞር ወደ ወጌሻ ሮጣችሁ አታስጎትቱት። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጉበት፣ በፋሻ እሰሩት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም አጥንቱን ሲነኩት የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል።

አሁን መልቀቅ መቼ ነው? አሰልጣኙ ለሁለት ጨዋታ ስላላሰለፋችሁ አትልቀቁ፤ ኩርፊያ ክለብ አያስገኝም። ሙሉ የውድድር ዘመን በልምምድ ላይ እንኳ ከተሰላፊዎቹ ጋር ካላቀላቀላችሁ ግን ሂዱ። ያ ልጅ ቢሰማኝ «አሁን አትልቀቁ አልክ፣ አሁን ሂዱ አልክ» ይለኛል። አዎ፣ ሁለቱንም ብያለሁ።

ስትሄዱም በደንብ ሂዱ። ኤንቢኤ ውስጥ የ10 ቀን ውል የሚባል አለ፤ አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስፈርመዋል ወይ ያሰናብተዋል። በዚያ ዓይነት ውል የሚኖር ሰው ሻንጣው ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው። ለእናንተ ቅርብ የሆነው የአዲስ አበባ ክለብ፣ ከተሳካም እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። ከአገር ወደ አገር ለመዛወር የለቀቃችሁበት አገር ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ያለ እሱ አውሮፕላን ብትሳፈሩም ሜዳ አትገቡም።

ወኪል ነኝ የሚል ሰው በስልክ ቢያገኛችሁ መጀመሪያ ከፊባ፣ ከዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፣ ስሙን ፊባ ካወጣው ዝርዝር ላይ አመሳክሩ። «ለሙከራ፣ ለቪዛ፣ ለመመዝገቢያ» ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ነው፤ እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ውሉ ላይ ደመወዙ በየስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ቢዘገይ ከስንት ቀን በኋላ ልምምድ ማቆም እንደምትችሉ፣ ቤትና የደርሶ መልስ ቲኬት በማን ወጪ እንደሆነ፣ ብትጎዱ ሕክምናው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይግባ። የጤና ምርመራው በደረሳችሁ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ፣ አለዚያ ክለቡ አንድ ወር ካጫወታችሁ በኋላ «ጉልበትህ ታሟል» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ክርክር ቢነሣ ጄኔቫ ባለው የቅርጫት ኳስ የግልግል ጉባኤ እንዲዳኝ የሚል አንቀጽ ከሌለበት አስገቡ። በማታነቡት ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ አስተርጉሙት፤ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁም አንዱን ሳትሄዱ እናታችሁ ጋ አስቀምጡ።