ቺፑ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዝበት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። አምና ስፈትሸው ቲፒኤም (ምስጢራዊ ቁልፎችን የሚጠብቀው የደህንነት ቺፕ) ነበረው፤ ቨርሽን 1.2 እንደሚል ማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ። ቢሮው ሲታደስ ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ጥግ ላይ ከረመ። መልሼ ስሰካው ቺፑ የለም። «ተስማሚ ቲፒኤም አልተገኘም» ይለኛል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የነበረው የሴኪዩሪቲ ዲቫይስ ክፍልም አብሮ ጠፍቷል። ሌላው ነገር ደህና ነው፤ ይከፈታል፣ ይሠራል። ሰዓቱ ብቻ እየተዛባ ያስቸግረኛል፤ ጠዋት ስከፍተው ዓመቱ በፈረንጆቹ 2016 ይሆናል። አንድ ባለሙያ አይቶ «ቺፑ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርዱ ይቀየር» አለ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ለብቻው የሚሸጥ የቲፒኤም ሞጁል ገዝተህ ስካበት» ይለኛል። የምፈልገው ዊንዶውስ 11 መጫን ነው። ማንን ልስማ?

— ሒሳብ ያዡ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ። ማዘርቦርድም ሞጁልም አይግዙ።

ስለ ሰዓቱ የጻፉት እግረ መንገድዎን ይመስላል። እኔን ያነቃኝ ግን እሱ ነው። ቲፒኤም ጠፋብኝ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰዓቱ ስንት ይላል?» ብዬ ነው። አንዳንዱ የምቀልድበት ይመስለዋል።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም፣ ሴቲንግም የሚቆየው በእሷ ጉልበት ነው። ማሽኑ እንደተሰካ ከዋለ ባትሪዋ ብትደክምም ብዙ ሰው አያውቅም። ተነቅሎ ሲከርም ግን ትሞታለች። ያን ጊዜ ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሴቲንግ ይመለሳል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ቲፒኤማቸው የተዘጋ ወይም የተደበቀ ነበር። ቺፑ ቦርዱ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ባዮሱ ስለሱ ለዊንዶውስ አይናገርም። ዊንዶውስም «አልተገኘም» ሲል አልዋሸም፤ ማንም አልነገረውም።

ቲፒኤም አይቃጠልም አልልም። ግን ዓመቱ በየጠዋቱ 2016 እያለ ቺፑን ሞቷል ብሎ መፍረድ ጥድፊያ ነው።

ወደ ባትሪው ከመሄዳችን በፊት የዲስኩ ጉዳይ ይጣራ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ቁልፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጠብቀው በቲፒኤም ነው። የእርስዎ ማሽን ቺፑ ጠፍቶም በሰላም ስለሚከፈት፣ ሲ ድራይቩ በቲፒኤም አልተቆለፈም፤ ወይም ጥበቃው ለጊዜው ቆሟል። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ገና ሲሰኩት 48 አኃዝ ያለውን የማገገሚያ ቁልፍ አምጡ ይልዎት ነበር። ቢሆንም ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ገብተው ድራይቮቹ ላይ የመቆለፊያ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይዩ። ካለ የማገገሚያ ቁልፉን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ያትሙት። ባይኖርም የማኅበሩን ሒሳብ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። የሰው ሒሳብ ይዞ ያለ ቅጂ ባዮስ መነካካት አይገባም።

አሁን የኮምፒውተሩን ሳጥን ለመክፈት ይዘጋጁ። ዊንዶውሱን ሸት ዳውን ሲያደርጉ የሺፍትን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ እንዲያ ካልሆነ ፋስት ስታርታፕ ማሽኑን በደንብ አያጠፋውም። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ከነቀሉ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ምንም የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ግን ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እንዲያውም አንዳንድ ማሽን ላይ ይህቺ ብቻ የጠፋ ቲፒኤም ስትመልስ አይቻለሁ። ክዳኑን ያንሡና ምንም ከመንካትዎ በፊት የሳጥኑን ብረት ይንኩ።

ባትሪዋ ክብ ፕላስቲክ ውስጥ ተኝታለች፤ አንዳንዴ ትልቁ የግራፊክስ ካርድ ሥር ትደበቃለች። ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሷት። የመደመር ምልክት ያለበት ገጿ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ቆማ የምትገባበት ቦርድም ስላለ ግን በፎቶው ይመሩ። ጠርዟ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። እሷን በጥፍር ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉ ባትሪዋ ራሷ ብቅ ትላለች። በስክሩድራይቨር ጫፍ ከሥር አይፈልቅቋት፤ ምላሷ ከተሰበረች ሌላ ጣጣ ነው። ቴስተር ካለዎት ይለኳት። ወደ 3 ቮልት ከሆነች ደህና ናት፤ 2.5 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነች ጥፋተኛዋ ተገኘች።

አዲሷን ከጨመሩ በኋላ ማሽኑን አብርተው ባዮስ ይግቡ። እንደ ማሽኑ ኤፍ1፣ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው። ቀንና ሰዓቱን ያስተካክሉ። ከዚያ ሴኪዩሪቲ የሚለው ውስጥ ይሂዱ።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጠፋው። ሁሉም አምራች የራሱን ስም ሰጥቶታል። ዴል «ቲፒኤም ሴኪዩሪቲ» ይለዋል፤ ሌኖቮ «ሴኪዩሪቲ ቺፕ»፤ ኤችፒ «ቲፒኤም ዲቫይስ» ወይም «ኢምቤድድ ሴኪዩሪቲ ዲቫይስ»። የኤችፒው ላይ ምርጫው «አቬይለብል» እና «ሂድን» ነው፤ ማለትም ቺፑን የሚደብቅ ሴቲንግ በይፋ አለ። ለብቻው በተገዛ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ «ትረስትድ ኮምፒውቲንግ» የሚል ክፍል ውስጥ ይፈልጉት። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለዎት አይደናገጡ፤ አንዳንዶቹ መጀመሪያ የባዮስ አስተዳዳሪ ፓስወርድ ካልተሰጣቸው ይህን ሴቲንግ አያስነኩም። ፓስወርድ ካስገቡ ወረቀት ላይ ይጻፉት። በአንዳንድ የድሮ ዴሎች ላይ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ኦን፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት፣ ተመልሶ ገብቶ አክቲቬት።

እዚያው አጠገብ «ክሊር» የሚል ምርጫ ያያሉ። አይንኩት። እሱ ቺፑ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ይጠርጋል። የተደበቀን ቺፕ ለማውጣት ማጽዳት አያስፈልግም። በየቦታው «ክሊር አድርገው» ብለው የሚመክሩ ሰዎች የሌላ ሰው ዲስክ ስለሆነ ነው የሚደፍሩት።

ሴቭ አድርገው ከወጡ በኋላ ሪስታርት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያብሩት። ዊንዶውስ ሲከፈት የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነው ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ቺፑ ለሥራ ዝግጁ ነው የሚል መልእክትና ከታች ቨርሽኑ ከመጣ፣ ማዘርቦርድ መቀየሩ ቀረ ማለት ነው።

ባይመጣስ? ባዮሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ለሞዴልዎ በወጣው የመጨረሻ ቨርሽን ያድሱ። በዚህ መሀል መብራት እንዳይጠፋ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት። ያም ካልሠራ ያኔ ቺፑን እንጠርጥር። ሞጁል ግን ቦርዱ ላይ ልዩ መሰኪያ ከሌለ የትም አይገባም። መሰኪያው ቢኖርም የአንዱ አምራች ሞጁል ለሌላው አይሆንም፤ የጥርሱ ብዛትና አደራደር ይለያያል፣ አንዳንዱ ኤልፒሲ አንዳንዱ ኤስፒአይ በሚባል መስመር ነው የሚነጋገረው። የቦርዱን ሞዴል ሳይዙ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎት። ቺፑ ቢገኝም ዊንዶውስ 11 በወጉ አይቀበልዎትም። አንደኛ፣ የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 ነው፤ የእርስዎ 1.2 ነው። ይህኛው መላ አለው። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ አምራቹ ቺፑን ከ1.2 ወደ 2.0 የሚቀይር ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚጫን ፕሮግራም) አውጥቷል። ወይም ባዮሱ ውስጥ ፒቲቲ የሚል ምርጫ ካገኙ፣ እሱ ለብቻው ቺፕ ሳያስፈልግ በኢንቴል ፈርምዌር የሚሠራ ቲፒኤም ነው። ሁለተኛው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ስድስተኛ ትውልድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ የሚስተካከል ነገርም አይደለም። ፍተሻውን እየዘለሉ የሚጭኑ ሰዎች አሉ። ለጨዋታ ማሽን ግድ የለም፤ የማኅበር ሒሳብ ለያዘ ማሽን ግን አልመክርም፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነበት ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ኃላፊነት አይወስድም።

ዊንዶውስ 10ም ቢሆን ተራ ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው በተራዘመው ፕሮግራም የተመዘገበ ብቻ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌርዎ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም በብራውዘር የሚከፈት ከሆነ፣ ያ ማሽን ገና ያገለግላል፤ ሊኑክስ ለመጫን ቲፒኤም አይጠየቅም። ካልሆነ ሒሳቡን ወደ አዲስ ማሽን አዛውረው ይህን ለጽሕፈት ያስቀሩት። የሚያወጡት ገንዘብ ካለ ለአሮጌው ማዘርቦርድ ሳይሆን ለአዲሱ ማሽን ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የአባቴ ዴስክቶፕ ሰዓት እየተዛባ ስላስቸገረ ባትሪውን ቀየርኩለት። ባዮስ ገብቼ ቲፒኤሙ ጠፍቶ ስለነበር አበራሁትና ወጣሁ። አሁን ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ 48 አኃዝ ይጠይቀኛል። አባቴ «የምን ቁልፍ?» ይላል። ቺፑን ክሊር ላድርገው? ሌላ ማለፊያ መንገድስ የለም?

— የተቆለፈባት

መልስ፦ ሰላም ነኝ። እጅሽን ከክሊር ላይ አንሺ! እሱን ከነካሽ ያለሽን ዕድል ታጠቢያለሽ።

48 አኃዙን የሚጠይቅሽ ዲስኩን የቆለፈው ቢትሎከር ነው። ቲፒኤም የቢትሎከርን ቁልፍ የሚሰጠው ማሽኑ የተነሣበት መንገድ እንደ ድሮው ሲሆን ነው። ባትሪው ሲሞት ቲፒኤሙ ብቻ አይደለም የተቀየረው። ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክለው ሴቲንግ) ተዘግቶ ወይም ተከፍቶ ይሆናል፤ የማስነሻው ዘዴ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) የነበረው ሌገሲ (የድሮው) ሆኖ ይሆናል። ባዮስ ተመልሰሽ ግቢና እነዚህን አንድ በአንድ ወደ ድሮው መልሺ። አንዱን ቀይረሽ፣ ሴቭ አድርገሽ ሞክሪ፤ ሁሉንም በአንዴ አትነካኪ። ባዮሱ ፒቲቲና ለብቻው ያለ ቺፕ የሚያስመርጥ ከሆነ ደግሞ የተሳሳተውን አብርተሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የየራሳቸው ቁልፍ ነው ያላቸው፤ የአንዱን ሌላው አያውቅም። ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ካልተፈታ ቁልፉን መፈለግ ነው። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደልና ቁጥሮች ጻፊያቸው። በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ የአባትሽን የማይክሮሶፍት አካውንት ክፈቱና ከዚያ መለያ ጋር የሚገጥመውን ቁልፍ ፈልጉ። «የምን ቁልፍ?» የሚል ሰው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በአካውንት ሲገባ ራሱ ተቀምጦለታል። ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ከነበረ የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ይጠየቅ። ፍላሽና የቆዩ ወረቀቶችም ይታዩ።

ማለፊያ መንገድ ላልሽው፣ የለም። ቁልፉ ካልተገኘ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ መጠቀም ይቻላል፤ ፋይሉ ግን አይመለስም። በገንዘብ እከፍታለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው።

ቁልፉን አግኝተሽ ከገባሽ በኋላ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ቢትሎከርን ሰስፔንድ አድርጊው፤ ከዚያ መልሰሽ ሪዙም በይው። ቺፑ አዲሱን ሁኔታ የሚመዘግበው ያኔ ነው። ይህን ካላደረግሽ አባትሽ ኮምፒውተር በከፈቱ ቁጥር 48 አኃዝ ሲጽፉ ሊውሉ ነው።