በመጠባበቂያ ፓራሹት ላይ መዝገብ የሌለው ለውጥ ሲገኝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ መጠባበቂያ ፓራሹት (ዋናው ሳይሠራ ሲቀር የሚከፈተውን) ከሚመረምሩ ሪገሮች፣ ማለትም ፓራሹት ለማሸግና ለመጠገን ፈቃድ ካላቸው ባለሙያዎች፣ እና መሣሪያውን ታጥቀው ከሚዘሉ ሰዎች የመጡ ናቸው። መልሶቹ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ በሌላ ሀገር የሚሠራ ሰው የዚያን ሀገር ደንብ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ዳግም የሚታሸግበት የ180 ቀን ጊዜው ደርሶ የመጣልኝን መጠባበቂያ ስከፍት፣ የአውቶማቲክ መክፈቻውን (ዘላዩ ራሱ ካልከፈተ መጠባበቂያውን የሚከፍተውን መሣሪያ) ሣጥን የሚይዝ ኪስ በአምራቹ መመሪያ ከተመለከተው ቦታ ውጭ ተሰፍቶ አገኘሁ። የእሽግ መዝገብ ካርዱ ላይ ስለዚህ ምንም አልተጻፈም። ስፌቱ ግን በጣም ያማረ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስፌቱ ማማር አይጀምሩ። ያማረ ስፌት የሰፊውን እጅ ይመሰክራል እንጂ ሥራውን ማን እንደፈቀደ አይናገርም፤ እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ደግሞ ይህንኑ ነው። ምንም ነገር ሳያነሱ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ከዚያም ከመለያ ጽሑፉ ላይ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩንና የተሠራበትን ቀን ይመዝግቡ። አምራቾች ራሳቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ የኪስን ቦታ ስለሚለውጡ፣ እጅዎ ላይ ያለው መመሪያ ለሌላ ዘመን ምርት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ባዕድ መስሎ የታየው ነገር ከፋብሪካው እንደወጣ የሆነበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ፎቶውንና መለያ ቁጥሩን ለአምራቹ ልከው በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ።

መልሱ እስኪመጣ ፓራሹቱ የሚታሸግበትን ከረጢት ግድግዳ ገልብጠው መርፌው ስንት ድርብ ጨርቅ አልፎ እንደወጣ ይቁጠሩ። ስፌቱ የአውቶማቲክ መክፈቻው መቁረጫ ሽቦ የሚያልፍበትን መተላለፊያ ወይም የመጎተቻውን ገመድ ቱቦ ይዞ እንደሆነ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ክሩንም በአጠገቡ ካለው የፋብሪካ ክር ጋር በውፍረትና በአሰፋፍ ያስተያዩ። ክር የሌለባቸው የመርፌ ቀዳዳዎች በረድፍ ካዩ፣ በዚያ ቦታ ሌላ ነገር ተሰፍቶ የተፈታ መሆኑን ይወቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ «አምስት ዓመት ዘልዬበታለሁ፤ ከእርስዎ በፊት ያሸጉት ሪገሮች ምንም አላሉም» ይለኛል። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ የዘለለው በዋናው ፓራሹት መሆኑን ያስታውሱት፤ መጠባበቂያው ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ ጀርባው ላይ ነበር። የቀደሙት ሪገሮች ፊርማም ቢሆን መጠባበቂያው በዚያ ቀን መታሸጉን ያረጋግጣል እንጂ ያልጸደቀን ለውጥ አያጸድቅም። ደንቡ ሪገር አምራቹ ወይም አስተዳደሩ ካጸደቀው አሠራር በሚወጣ መንገድ ፓራሹት እንዳያሽግ፣ እንዳይጠግንና እንዳይለውጥ ይከለክላል። በታሸገው መጠባበቂያ ላይ የሚደረገው ማኅተም የሚይዘው የእርስዎን ምልክት ስለሆነ፣ ሌላው አይቶ ያለፈው ነገር በእርስዎ ስም ይጸናል።

ጥያቄ፦ እኔ ሲኒየር ሪገር ነኝ። ለውጡን ማስተር ሪገር አይቶ «ደህና ነው» ካለኝ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ማስተር ሪገር ፓራሹት የመለወጥ ሥልጣን ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ ሲኒየር ሪገር ግን ማሸግና ከከባድ ጥገና በመለስ ያለውን መጠገን ብቻ ይችላል። ሆኖም ማስተሩም የሚሠራው በጸደቀ አሠራር ነው እንጂ በራሱ ግምት አይደለም። ስለዚህ ከእርሱ የሚፈልጉት ለውጡ የጸደቀበትን ወረቀት ነው። ይህ ነገር በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ በተደጋጋሚ ሲምታታ አያለሁ።

ጥያቄ፦ የመዝጊያውን ሉፕ (ከረጢቱን ዘግቶ በፒን የሚያዘውን የገመድ ቀለበት) መቀየርም «ለውጥ» ይባላል?

መልስ፦ በአምራቹ መመሪያ በተወሰነው ቁሳቁስና ርዝመት ከተሠራ የተለመደ ጥገና ነው። የማላልፈው ርዝመቱ ከተወሰነው ወጥቶ ሳገኘው ነው፤ ሲያጥር ፒኑ ስለሚጠብቅ የመጎተቻው ኃይል ከተፈቀደው 22 ፓውንድ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሊያልፍ ይችላል። ሲረዝም ደግሞ የፓይለት ሹቱ (መጠባበቂያውን ጎትቶ የሚያወጣው ትንሽ ፓራሹት) ስፕሪንግ በሚገባ አይታመቅም፣ ፒኑም በቀላሉ ሊንሸራተት ይችላል። ፓይለት ሹቱ ራሱ በሌላ አምራች ሥሪት ተተክቶ ካገኙት ግን ነገሩ ከሉፕ ይከብዳልና፣ የከረጢቱ አምራች ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ መፍቀዱን ሳያረጋግጡ አይዝጉት።

ጥያቄ፦ የተጨመረውን ኪስ እኔው ፈትቼ ወደ ቀድሞው ብመልሰውስ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ክሩ ሲፈታ ቀዳዳው ይቀራል፣ ጨርቁም ሊቀደድ ይችላል፤ ቦታው የመታጠቂያው ጭነት የሚያርፍበት ቀበቶ ከሆነ መፍታቱ ራሱ ከሥልጣንዎ በላይ የሆነ ሥራ ሊሆን ይችላል። አምራቹ «ፍታውና መርምረው» ብሎ ከጻፈልዎ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ሥራውን በመዝገብዎ ላይ አስፍረው፣ መዝገቡን ቢያንስ ለ2 ዓመት ያቆዩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ እንዳይዘልበት መሣሪያውን ይዤ ማስቀረት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ንብረቱ የእርሱ ነው። ሳያሽጉ፣ ያገኙትን ጉድለት በጽሑፍ አያይዘው ይመልሱለት፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። ጊዜው ባለፈ ወይም ባልታሸገ መጠባበቂያ መዝለል በደንቡ የተከለከለ መሆኑንም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ዋናው ፓራሹት ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢገኝስ?

መልስ፦ ዋናው ፓራሹት የጸደቀ ዓይነት እንዲሆን ደንቡ አያስገድድም፤ መጠባበቂያው፣ መታጠቂያውና ከረጢቱ ግን መጽደቅ አለባቸው። ስለዚህ ለውጡ ከዋናው ጨርቅ አልፎ መታጠቂያውን ወይም ከረጢቱን ከነካ ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራበታል።

ጥያቄ፦ አምራቹ ድርጅት ከተዘጋ ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። ማስተር ሪገር የለውጡን መግለጫና ንድፍ፣ የተሠራበትን ቁሳቁስ፣ ካስፈለገም የሙከራ ውጤት አዘጋጅቶ በአቅራቢያው ላለው የአስተዳደሩ የበረራ ደረጃዎች ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ያረጀ ከረጢት ከሆነ ግን ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሒሳቡን በግልጽ ይነጋገሩ።