በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንዴት ይመዘገባል? ጥያቄና መልስ

በዴንቨር ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን የጉዳት መዝገብ ስይዝ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ወገኖቻችን ሕመማቸውን ደብቀው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ደጋግሜ ስላየሁ፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ኦሻ በሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ካርቶን ስከፍት አውራ ጣቴን ቢላ ቆረጠኝ። አለቃዬ ፕላስተር ለጥፎልኝ “ይህ አይመዘገብም” አለኝ፤ ደሙ አልቆም ስላለ ግን ማታ ክሊኒክ ሄጄ በአራት ስፌት ተሰፋ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቃህ ያለው ለዚያች ሰዓት ልክ ነበር፤ ማታ ግን ነገሩ ተለውጧል። ደንቡ የሚያየው የቁስሉን አስፈሪነት ሳይሆን የተሰጠውን ሕክምና ነው። ቁስል ማጠብ፣ ፕላስተር መለጠፍ፣ የቴታነስ ክትባት መውሰድ እንኳ የመጀመሪያ ርዳታ ተብለው ሲታለፉ፣ ስፌት ግን ሕክምና ስለሆነ አንድም ቀን ከሥራ ባትቀር ይመዘገባል። ድርጅቱ ጉዳቱን ካወቀ በ7 ቀን ውስጥ የጉዳቶች መዝገብ በሆነው በቅጽ 300 አንድ መስመር፣ በቅጽ 301 ደግሞ ዝርዝሩን መሙላት አለበት። ስለዚህ የክሊኒኩን ወረቀት ነገውኑ አስገባ፤ ቅጂውንም አስቀር። ስትጠየቅ “ጣቴ ተቆረጠ” ብለህ አትለፈው፤ ምላጩ መሸፈኛ ይኑረው አይኑረው፣ ጓንት ተሰጥቶህ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገር። በእኛ መጋዘን ቢላዎቹ የተለወጡት የግራ አውራ ጣት በመዝገቡ ላይ ተደጋግሞ ከታየ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በአረጋውያን መጦሪያ አንዲት አሮጊት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሳዛውር ወገቤን ያዘኝ። ሐኪሙ ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳላነሣ ስለጻፈልኝ ቀላል ሥራ ተሰጠኝ እንጂ ከሥራ አልቀረሁም።

መልስ፦ እህቴ፣ ይመዘገባል፤ የዘወትር ሥራሽን እንዳትሠሪ በሐኪም መከልከልሽ ብቻውን በቂ ነው። ቀድሞም ያምሽ ነበር ቢሉሽ እንኳ፣ ሥራው ሕመሙን ጉልህ በሆነ ሁኔታ ካባባሰው ከመመዝገብ አያመልጥም። የተከለከልሽባቸው ቀናት ከጉዳቱ ማግስት ጀምሮ እስከ 180 ድረስ ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ቅጹ መሞላቱ ካሣ ጠየቅሽ ማለት አይደለም፤ ወርከርስ ኮምፕ የሚባለው የሥራ ጉዳት ካሣ የሚመራው በየስቴቱ ሕግ ስለሆነ ለብቻው አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ስሜ ከተመዘገበ ጥፋተኛ አልባልም? ቢያባርሩኝስ?

መልስ፦ መዝገቡ ማን አጠፋ የሚለውን አይዳኝም፤ ሠራተኛውም አሠሪውም በመመዝገቡ ብቻ ጥፋተኛ አይባሉም። ጉዳቱን በማሳወቅህ ቢያባርሩህ ወይም ሰዓትህን ቢቀንሱብህ በ30 ቀን ውስጥ ለኦሻ አቤት በል፤ በአማርኛም ይቀበሉሃል። ይህ ቀን ሲያልፍ ያዘንኩላቸው ሰዎች ስላሉ አደራ እላለሁ። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ይህን መብት አያሳጣም።

ጥያቄ፦ ሰባት ሆነን በምንሠራበት ወጥ ቤት ባልደረባችን በዘይት ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ትንሽ ቤት ስለሆነ ማሳወቅ ግዴታ የለበትም ይላሉ።

መልስ፦ ከ10 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መዝገቡን ከመያዝ ነፃ ነው፤ ከማሳወቅ ግን ነፃ አይደለም። ሞት በ8 ሰዓት፣ ተኝቶ መታከም፣ የአካል መቆረጥና ዓይን ማጣት በ24 ሰዓት ውስጥ ለኦሻ መነገር አለባቸው።

ጥያቄ፦ መዝገቡን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ቅጽ 300ንም ሆነ የራስሽን ቅጽ 301 ከጠየቅሽ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ማብቂያ ሊሰጡሽ ይገባል፤ የ5 ዓመቱም መቀመጥ አለበት። የዓመቱ ማጠቃለያ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ሠራተኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ፈልጊው።